መልስ፦ ደም መላሽ ሥር ተዘግቶም እብጠት ያልታየባት አይጥ
በአንጎል ደም መላሽ ሥር መዘጋት ላይ በሚያደርጉት ጥናት፣ የአይጧ ዋና የአንጎል ደም መላሽ ሥር በክር ተቋጥሮ የአንጎል እብጠት ስላልታየ እንስሳውን መለወጥ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጥፋቱ የአይጧ አይመስለኝም። ሥሩ ሲታሰር ደሙ በሌሎች ሥሮች መውጫ ስለሚያገኝ፣ መዘጋቱ ከአንጎል ገጽ ወደ ዋናው ሥር የሚገቡትን ትንንሽ ሥሮች ካልደረሰ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ስለዚህ ከቋጠሮው በኋላ ደም የሚያረጋ የካኦሊንና የሴፋሊን ድብልቅ ወደ ሥሩ ይወጋል፤ አለዚያም ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ የብረት ጨው የተነከረ ወረቀት በሥሩ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ሮዝ ቤንጋል በተባለ ቀለምና በብርሃን ሁለት የገጽ ሥሮችን ብቻ መዝጋትም ይቻላል፤ የሚዘጋውን ቦታ ስለሚወስን እኔ ይህንን እመርጣለሁ። በኤምአርአይ ሲከታተሉ የውሃን ስርጭት የሚለካውን ምስል አይተዉ፤ ወደ ሴሎች የገባውን ውሃ ከደም ሥር ካፈተለከው ለመለየት የሚረዳው እርሱ ነው። አሳማ ውድ ቢሆንም፣ አንጎሉ እንደ ሰው እጥፋት ስላለው ለጥናቱ ኋለኛ ምዕራፍ ይጠቅማል።