የሙያ ምክር፦ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ከርነል ማዋቀር ለወጣት መሐንዲስ ያዋጣል ወይ?

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅህ ሁለት ዓመት እንዳለፈህና የፋብሪካ ማሽኖችን የመቆጣጠሪያ ቦርዶች በሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እንደምትሠራ ጽፈህልኛል። አለቃህ ኤቲ91ሳም9ጂ20 የተባለ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ራም ያለበትን አሮጌ ቦርድ ሰጥቶህ፣ ከአምራቹ 2.6 ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ወደ አዲስ የሊኑክስ ከርነል እንድታሻግረው አዝዞሃል። ሦስት ሳምንት ደክመህበት ግን ቦርዱ የታመቀው ከርነል ተፈትቶ መነሣት መጀመሩን ከሚገልጸው መስመር በኋላ አንዲት ቃል አልወጣው ብሎሃል። ጥያቄህ ስለ ቦርዱ ብቻ አይደለም፤ አብረውህ የተመረቁት የሞባይልና የድረ ገጽ ሥራ ይዘው ሲራመዱ አንተ ማንም የማይፈልገውን ነገር እየተማርህ ዕድሜህን እንዳታባክን ትሰጋለህ።

መልሴን ከቦርዱ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሙያው ያዋጣ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያው ከዝምታው ውስጥ ማየት ይቻላል።

ቦርድህ የተሠራው አርም ለተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የሚዘጋጀው ከርነል ስለ ሃርድዌሩ የሚያውቀውን ነገር በሙሉ በራሱ የሲ ኮድ ውስጥ ይዞ ይዞር በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ቦርዱ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም፣ ለከርነሉ የሚያቀብለው የማሽኑን መለያ ቁጥርና ኤታግ የሚባሉ ጥቂት የመረጃ ቁራጮችን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በአርም ኮድ መዝረክረክ ላይ ያሰማውን ጠንካራ ቅሬታ ተከትሎ፣ የአርም ቦርዶች አንድ በአንድ ዲቫይስ ትሪ ወደተባለው አሠራር ተዛወሩ፤ የቦርዱ ገጽታም ከከርነሉ ተለይቶ በሌላ ፋይል መጻፍ ጀመረ። አዲሱ ከርነልህ ይህን ፋይል ይጠብቃል፤ በፍላሹ ላይ ያለው አሮጌ ቡትሎደር ደግሞ ፋይሉን ማቀበል ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። ዝምታው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት ቦርዱ እንዲናገር አድርግ። በከርነሉ ውቅር (ምን ምን ክፍል እንደሚገነባ በሚወስኑት ምርጫዎች ስብስብ) ውስጥ ዝቅተኛ እርከን ምርመራን የሚፈቅደውን ዲበግ ኤልኤል የተባለ ምርጫ ክፈት፤ ለፕሮሰሰርህ ቤተሰብ የሚስማማውን የዲቢጂዩ ሲሪያል ወደብ ምረጥ፤ ከዚያም ኧርሊ ፕሪንትኬን ጨምረህ በማስነሻ ትእዛዙ ላይ ጻፈው። ይህን ስታደርግ ዋናው የሲሪያል ድራይቨር ገና ሳይነሣ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ይወጡልሃል። ቀጥሎ አፔንድድ ዲቲቢ የሚለውን ምርጫ ክፈትና የተገነባውን የዲቫይስ ትሪ ፋይል ከታመቀው ከርነል ጅራት ጋር በካት ትእዛዝ ቀጥለው። አሮጌው ቡትሎደር የሚልከው የራም መጠንና የማስነሻ ትእዛዝ እንዲከበርልህ ከፈለግህ ደግሞ ኤታጎቹን ወደ ዲቫይስ ትሪ የሚያሸጋግረውን ተጓዳኝ ምርጫ አብረህ ክፈት። ቡትሎደሩ ዩኢሜጅ የሚባለውን ቅርጽ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ከተቀጠለ በኋላ እንደገና በኤምኬኢሜጅ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ቀናት ያጠፋል።

ከርነሉ ከተነሣ በኋላም የመጀመሪያው ፕሮግራም ሕገ ወጥ መመሪያ አጋጠመኝ ብሎ ቢሞትና ከርነሉ በድንጋጤ ቢቆም አትደንግጥ። ፕሮሰሰርህ ውስጡ አርም926 ነው፤ የአምስተኛው የአርም ትውልድ ሲሆን በቺፑ ላይ ለአስርዮሽ ስሌት የተለየ ክፍል የለውም። ዛሬ በየኮምፒዩተሩ የሚገኘው የአርም ማጠናቀሪያ (ኮምፓይለር) ደግሞ ለሰባተኛው ትውልድና ለሃርድ ፍሎት፣ ማለትም አስርዮሽን በቺፑ ክፍል ለማስላት፣ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ማጠናቀሪያህን ለአምስተኛው ትውልድና ለሶፍት ፍሎት (አስርዮሽን በሶፍትዌር ለማስላት) አስተካክለው። በከርነሉም በኩል ያው ነው፦ የአምስተኛውን ትውልድና የሰባተኛውን በአንድ የከርነል ምስል ማቀፍ አይቻልም፤ ስለዚህ የቦርድህ ፕሮሰሰር ሜኑኮንፊግ በተባለው የውቅር መምረጫ ዝርዝር ውስጥ ካልታየህ አስቀድመህ የተሳሳተ ትውልድ መርጠሃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ውቅሩ እንግባ። በደብዳቤህ የአምራቹን የ2.6 ኮንፊግ ፋይል ገልብጠህ ኦልድዴፍኮንፊግ በሚለው ትእዛዝ ወደ አዲሱ ከርነል እንዳሳለፍኸው ገልጸሃል። እዚህ ላይ በግልጽ ልምከርህ፦ እንዲህ አታድርግ። ያ ትእዛዝ በአዲሱ ከርነል ውስጥ ስማቸው የተቀየረውን ወይም የጠፋውን ምርጫዎች ምንም ሳይናገር ይጥላል፣ አዲሶቹንም በነባሪ ዋጋቸው ይሞላል፤ በእጅህ የሚቀረው ፋይል የአምራቹም የአንተም ሐሳብ የሌለበት ይሆናል። ከርነሉ ራሱ ለፕሮሰሰርህ ቤተሰብ ያዘጋጀው ኤቲ91 ዲቲ ዴፍኮንፊግ የተባለ መነሻ አለ። ከእሱ ተነሣ፤ ቦርዱ ሲናገር ካየህ በኋላ የማትፈልገውን እየቀነስህ ሂድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀንስ፣ አስነሣ፣ መጠኑን ለካ፣ ለምን እንደቀነስህ በአንድ መስመር ጻፍ። ከከርነሉ ምንጭ ጋር የሚመጡት ዲፍኮንፊግና ብሎት-ኦ-ሜትር የተባሉት መሣሪያዎች የሁለት ውቅሮችን ልዩነትና እያንዳንዱ ለውጥ በመጠን ላይ ያመጣውን ለውጥ ያሳዩሃል።

በዚህ ሥራ ላይ የጀማሪው ስህተት የመቀነስ ጉጉት ነው። ለመጠን ተብለው የተጻፉ አሮጌ መመሪያዎች ስሎብ የተባለውን የማስታወሻ አከፋፋይ ምረጥ ይሉሃል፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 6.4 ከርነል ጀምሮ ተወግዷል፤ በምትኩ ስለብ ታይኒ የተባለ ምርጫ አለ። በ64 ሜጋባይት ራም ግን እሱም አያስፈልግህም። የማትጠቀምባቸውን የፋይል ሥርዓቶች፣ የኔትወርክ ፕሮቶኮሎችና የሌሉህን መሣሪያዎች ድራይቨሮች ማስወገድ ብቻውን ይበቃሃል። ዋችዶጉን ግን አትንካ፤ ማሽኑ በሌሊት ቢደርቅ ሰው ሳይጠራ የሚያስነሣው እሱ ነው። የቁልል መከላከያውንም ለጥቂት ኪሎባይት ብለህ አታውጣ። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2038 ድረስ ሊሠራ ይችላል ብለህ ካሰብህም፣ ባለ 32 ቢት የሰዓት ቆጠራ በዚያ ወር 19ኛው ቀን ላይ ሞልቶ እንደሚፈስ አስታውስ። ከርነሉ ለባለ 32 ቢት ማሽኖች መፍትሔውን ያሟላው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 ነው፤ የሲ ላይብረሪውም ባለ 64 ቢት ሰዓት የሚጠቀም ሆኖ መጠናቀር አለበት።

አንድ ምርጫ ደግሞ ከሁሉ በላይ አደራ እልሃለሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ በደንበኛ እጅ ላሉ በርካታ መሣሪያዎች ከርነል ያዋቀረ ባልደረባችን ሥራ ለቀቀ፤ የኮንፊግ ፋይሉ የነበረው በእሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር፣ ላፕቶፑም ተጠርጎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንዲት የደህንነት ጉድለት ለመድፈን ያንን ከርነል እንደገና መገንባት ሲያስፈልገን፣ የተከፈተውንና የተዘጋውን ከማሽኑ ባሕርይ እየገመትን ሁለት ወር ገደማ ፈጀን። አይኬኮንፊግ የሚባለው ምርጫ ከተጓዳኙ ከአይኬኮንፊግ ፕሮክ ጋር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ውቅሩ ራሱ በከርነሉ ውስጥ ታቅፎ ይገኝ ነበር፤ ከሚሠራው ማሽን ፕሮክ ማውጫ ሥር ማንበብ ብቻ ይበቃን ነበር። ዋጋው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ያንን ሁለት ወር ዛሬም ስለማልረሳው አንተ ይህን ምርጫ ሳትከፍት ምንም ቦርድ እንዳታስረክብ እለምንሃለሁ።

እንግዲህ ወደ ራስህ ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሥራ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ራስህን የአሮጌ ፕሮሰሰር ባለሙያ ብለህ አትጥራ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ ለቀጣሪ የምትሰጠው ስም ሥራህን ሊያሳንሰው ይችላል። የከርነሉ ማኅበረሰብ ጠባቂና ተጠቃሚ ያጣ ፕሮሰሰርን ያስወግዳል፦ ሊኑክስ የተወለደበት 386 እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 3.8 ተሰናበተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 4.17 ደግሞ ብላክፊንን ጨምሮ ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶችን በአንድ ጊዜ አስወጣ። ብላክፊንን ብቻ የሚያውቅ ሰው በዚያ ዓመት ዕውቀቱ አብሮ ተሰናበተ። ዝምተኛን ቦርድ ማናገር፣ ዲቫይስ ትሪ ማንበብና መጻፍ፣ እያንዳንዱን የውቅር ምርጫ በምክንያት መከላከል የሚችል ሰው ግን ያንኑ ችሎታ ይዞ ወደ ሌላ ቺፕ ተሻገረ።

ፈላጊውስ ማን ነው ብትለኝ፣ ለረጅም ዕድሜ የሚሠሩ መሣሪያዎችን የሚያመርቱና የሚጠብቁ ሁሉ ናቸው፦ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የክፍያ ተርሚናል፣ የቴሌኮም ጣቢያ። አዲስ ከርነል በየዘጠኝና ዐሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቦታቸውን አይለቁም፤ በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2016 የተቋቋመው ሲቪል ኢንፍራስትራክቸር ፕላትፎርም የተመረጡ ከርነሎችን ቢያንስ ለ10 ዓመት የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሥራ ላይ የዋለው ሳይበር ሬዚሊየንስ አክት፣ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 11 ቀን 2027 ጀምሮ ሲጸኑ፣ ዲጂታል ክፍል ያለውን ምርት ለአውሮፓ ገበያ የሚያቀርብ አምራች የደህንነት ጉድለቶችን በድጋፍ ዘመኑ ሁሉ እንዲያክም ያስገድዳል። ይህ በተለይ ከአገር ቤት ሆነህ ለውጭ ድርጅት በርቀት ለመሥራት ብታስብ የምትጠቅሰው እውነተኛ ምክንያት ነው።

በእርግጥ የዚህ ሥራ ማስታወቂያ እንደ ሞባይል መተግበሪያ ሥራ በየሳምንቱ አይወጣም፤ መጀመሪያ ላይ መንገዱ ይዘገያል። ስለዚህ አሁን ያለህን ሥራ አትልቀቅ። ቦርድ በእጁ ያለው፣ የሲሪያል ገመድ በጠረጴዛው ላይ ያለው ጀማሪ ብዙ አይደለም፤ አለቃህ ያለ ዋጋ የሰጠህ ቤተ ሙከራ ነው።

በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሰርተፍኬት ብዛት እንድታሳድድ አልመክርህም። ይልቁንም ይህን ሽግግር ከአለቃህ ፈቃድ ጠይቀህና የደንበኛውን ምስጢር ሳታካትት በጽሑፍ አዘጋጀው፦ መነሻ ውቅሩን፣ የቀነስኸውን፣ የለካኸውን፣ የተሳሳትኸውንም። በዚሁ አጋጣሚ ከርነሉ በጂፒኤል ሁለተኛ ቅጽ ፈቃድ ሥር ስለሆነ፣ ከነመሣሪያው ለደንበኛ ሲሰጥ የምንጭ ኮዱንና ለመገንባት የሚያስፈልገውን ማቅረብ ግዴታ እንደሆነ ለአለቃህ በአክብሮት አስረዳው፤ ውቅርህን በሥርዓት ማስቀመጥህ ድርጅቱንም ይጠቅማል። ቦርዱ በእጅህ በሌለበት ሰዓት ኪውኢሙ በተባለው የማሽን አስመሳይ ሶፍትዌር ላይ ቨርሳታይል ፒቢ የተባለውን ማሽን ተጠቀም፤ እሱም አርም926 ስለሆነ የምትማረው ነገር በቀጥታ ይሸጋገራል። የተጠቃሚውን ክፍል፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ቢልድሩት በተባለው መሣሪያ ገንባ። የቡትሊን ድርጅት የሥልጠና ጽሑፎች በነፃ ይገኛሉ፤ ሊኑክስ ፋውንዴሽንም ለከርነል ጀማሪዎች ያዘጋጀው ነፃ ኮርስ አለው። የኢንተርኔት ዋጋ እንደሚከብድህ ስለጠቀስህ፣ የከርነሉን ሙሉ የጊት ታሪክ አታውርድ፤ በርካታ ጊጋባይት ነው። ጥልቀቱ በአንድ የተገደበ ቅጂ ወይም የታመቀው የምንጭ ፋይል ይበቃሃል። መብራት በግንባታው መካከል ቢጠፋም ሜክ የተባለው የግንባታ ትእዛዝ ከቆመበት ይቀጥላልና አትዘን።

ከዚያ በኋላ ለከርነሉ አንዲት ትንሽ እርማት ላክ፤ በዲቫይስ ትሪ ፋይሎች ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ማጥራት እንኳ ሊሆን ይችላል። ቼክፓች በተባለው የእርማት መመርመሪያ መርምረው፣ ጌት ሜንቴነር በሚለው መሣሪያ ተቀባዮቹን ለይ፣ በምትታወቅበት ስምህ ፈርም። የሚመልሱልህ ሰዎች አጭርና ቀጥተኛ ናቸው፤ አስተያየታቸውን እንደ ስድብ አትቁጠረው፣ አስተካክለህ ሁለተኛውን ቅጂ ላክ። በሥራ ማመልከቻህ ላይ ‹‹ከርነል አውቃለሁ›› ከማለት ይልቅ ከየትኛው ከርነል ወደ የትኛው እንዳሻገርህ፣ ምስሉን ከስንት ወደ ስንት ሜጋባይት እንዳወረድኸውና ምን ሳትቀንስ እንደተውህ ጻፍ። ልምድ ያለው ጠያቂ ፈጥኖ የሚጠይቅህ የመጨረሻውን ነው።

አፔንድድ ዲቲቢን ሞክረህ ቦርዱ አሁንም ዝም ካለ፣ የቡትሎደሩን ሙሉ ጽሑፍ፣ የማስነሻ ትእዛዙንና ሴቭዴፍኮንፊግ የሚሰጥህን አጭሩን የውቅር ፋይል ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።