አዲስ ሥራ ይዤ ታመምኩ፤ ልቅር ወይስ ልግባ?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። የአዴት ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር አባይ ማዶ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ከተቀጠርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድ ቀን ያንቀጠቅጠኛል፣ ያተኩሰኛል፣ በኋላ በላብ እጠመቃለሁ። በማግስቱ ምንም እንዳልነካው ሰው ሆኜ እነሳለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ወባ ነው፣ ቫይቫክስ የሚባለው ነው አሉኝ። የ3 ቀን ክኒን፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ የ14 ቀን ክኒን ሰጡኝ። የ3 ቀን የእረፍት ወረቀትም ጻፉልኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለማንም አላሳየሁም።

ሱፐርቫይዘራችን ገና እንደገባሁ «ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ በየሳምንቱ አመመኝ እያለች አስቸገረችን፤ አሰናበትናት» ብላኛለች። ቅዳሜ ደግሞ የሰርግ እንግዶች ይገባሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ተይዟል። እናቴ ስደውልላት «ቻል አድርጊው ልጄ፣ ሥራ እንዲህ በዋዛ አይገኝም» ትለኛለች። ጓደኛዬ «ሲክ ሊቭ መብትሽ ነው፣ ወረቀቱን ስጫትና ተኚ» ትላለች። እኔ ደግሞ ደህና በምሆንበት ቀን እየገባሁ፣ በሚያመኝ ቀን ሽፍት እየቀየርኩ ልለፈው ወይ እያልኩ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ልጄ፣ ዋናውን ነገር ጥያቄሽ በደረሰኝ ምሽት በስልክ ነግሬሻለሁ። እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ባንቺ ፈቃድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየቦታው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በጣና ዙሪያ ወባ ይበዛል። አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ በዚህ ሰሞን የሚታመመው ብዙ ነው።

ቁርጡን ላስቀድም። እረፊ። 3ቱንም ቀን እረፊ። ግን ተደብቀሽ አይደለም። ወረቀቱ ከቦርሳሽ ወጥቶ ዛሬውኑ ሱፐርቫይዘርሽ እጅ ይግባ።

አንቺን የሚያታልልሽ ደህናው ቀን ነው። ቫይቫክስ እንዲህ ነው ጠባዩ። ተውሳኩ ደም ውስጥ ይራባና ሁለት ሁለት ቀን እየጠበቀ ቀይ የደም ሕዋሱን ሰብሮ ይወጣል። ብርዱና ትኩሳቱ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። መሐል ላይ ያለው ቀን የዳንሽበት ቀን አይደለም፣ በሽታው ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ቀን ነው። አንቺ በዚያ ቀን ተኳኩለሽ ገብተሽ እንግዳ ስትቀበዪ ሱፐርቫይዘርሽ ታይሻለች። በማግስቱ «አሞኛል፣ ሽፍት ቀይሩልኝ» ስትዪ ምን ታስብ? ትናንት ስትስቂ ያየችሽን ልጅ ዛሬ ታማለች ብላ እንዴት ትመን? በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደህና ሆነሽ ትመጫለሽ። እንዲያ እያልሽ ስትገፊ፣ ያቺ «በየሳምንቱ የምትታመም» ያሏት ልጅ አንቺ ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ። 3 ቀን አንድ ላይ በወረቀት መቅረት ግን አንድ ጊዜ ሆኖ ያልፋል።

እናትሽን አልወቅስም። የኛ ሰው ማሽላ እያረረ ይስቃል እያለ ያደገ ነው፤ መቻልን ከልጅነት ነው የምንማረው። ሥራም እንደ ድሮው አይገኝም፣ ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች እንግዳ እንደቀነሰባቸው ሁላችንም እናያለን። ስጋቷ እውነተኛ ነው። ግን አንቺ የያዝሽው ሥራ ምን እንደሆነ አላሰበችውም። ሪሴፕሽን ላይ የእንግዳ ገንዘብ ተቀብለሽ ትቆጥሪያለሽ።

እኔ በዚህ ከተማ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከምሠራበት ቤት አንዲት አዲስ ካሸር እንዳንቺው ትኩሳቷን ይዛ ገባች። ሹራቧን ደርባ፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ኩርምት ብላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሁለት ክፍል ሒሳብ ተቀበለች፣ የአንዱን ደረሰኝ ቆረጠች። የሌላውን ቆርጣ ይሁን ሳትቆርጥ አታስታውስም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጎደለ። ጣቷን እያራሰች ያንኑ ብር ሦስቴ አራቴ ስትቆጥር አያታለሁ፣ በየቆጠራው ሌላ ቁጥር ይመጣባታል። ልጅቷ ሌባ አልነበረችም። ጉድለቱ ግን ከደመወዟ ተቆረጠ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ፋይሏ ውስጥ ገባ። የዚያን ዕለት ተኝታ ብትውል ኖሮ ፋይሏ ውስጥ የሚገባው የጤና ጣቢያ ወረቀት ነበር። በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሰው የቱ እንደሚከፋ አንቺው ፍረጂ።

ቅዳሜ ክፍሉ ሁሉ ይያዛል አልሽ። ያ እንዲያውም ዛሬ ለመናገር ትልቁ ምክንያት ነው። ሱፐርቫይዘርሽ ዛሬ ካወቀች ሰው ትተካለች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ብትወድቂባት ግን አትረሳልሽም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አልረሳውም።

አሁን ወደ ሕጉ። ጓደኛሽ «መብትሽ ነው» ያለችው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ሊጎዳሽ ይችላል። የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። አንቺ ገና አልጨረስሽም። ስለዚህ «ከነደመወዜ የማረፍ መብት አለኝ» ብለሽ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ መወርወሩ አያዋጣሽም። በሙከራ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያም ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ይህን አውቀሽ ነው መግባት ያለብሽ።

ግን አንድ ነገር አጣሪ። የሙከራ ጊዜ እንዳለብሽ የሚል የፈረምሽው ወረቀት አለ? ሕጉ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። በአፍ «ፕሮቤሽን ላይ ነሽ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በወረቀት ካለም ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። በሳምንት 6 ቀን የምትሠሪ ከሆነ 60 የሥራ ቀን ማለት 10 ሳምንት ነው፤ ግማሹ አልፏል ማለት ነው። ብዙ ሰው 3 ወር፣ አንዳንዱም 6 ወር ይመስለዋል። የውልሽን ኮፒ ካልሰጡሽ በትሕትና ጠይቂ። ግን ዛሬ አይደለም፣ ከሕመሙ ጋር አታያይዢው።

ሙከራውን ስትጨርሺ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃው በመንግሥት ከታወቀ ጤና ተቋም መሆን አለበት። መቅረትሽንም በቀረሽ ማግስት ማሳወቅ ይጠበቅብሻል። አንቺ አሁንም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቂ። ባያስገድድሽም በሥርዓት የምትሠራ ልጅ መሆንሽን ያሳይልሻል።

ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሌላ ፈቃድም አለ። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ሱፐርቫይዘርሽ «በሙከራ ላይ ሆነሽ ሲክ ሊቭ የለሽም» ካለችሽ አትከራከሪ። «እሺ፣ ያለ ክፍያ ይያዝልኝ» በያት። የ3 ቀን ደመወዝ እንደሚያሳሳሽ አውቃለሁ፤ የአባይ ማዶ ቤት ኪራይ አለብሽ። ግን እዚህ ላይ መከራከሪያሽ ደካማ ነው፣ ጉልበትሽን አታባክኚው።

እንዴት ትነግሪያታለሽ? ዛሬ ደህናው ቀንሽ ከሆነ በባጃጅም ቢሆን ራስሽ ሂጂ፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ይሻላል። የሚያንቀጠቅጥሽ ቀን ከሆነ ደውዪና በመልእክትም ጻፊ፣ መልእክቱ ማስረጃ ይሆንሻል። ብዙ አትዘርዝሪ፣ አታልቅሺ፣ «ይቅርታ» እያልሽም አትደጋግሚ። ታመምሽ እንጂ አላጠፋሽም። እንዲህ በያት፦ «ወባ ይዞኛል፣ ጤና ጣቢያ ተመርምሬ የ3 ቀን እረፍት ጽፈውልኛል። ወረቀቱን አምጥቻለሁ። አርብ እገባለሁ። ለቅዳሜ የተያዙትን ክፍሎች በስም ዝርዝር ጽፌያለሁ፣ ቀብድ የከፈሉትን ለይቻለሁ። የመሳቢያውን ቁልፍም ለማን ላስረክብ?» አለቀ። ወረቀቱን ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ቁልፍና ገንዘብ ስታስረክቢ ደግሞ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ። ይህን አደራ።

ብዙ አለቆች ሕመሙን ራሱን አይጠሉትም። የሚጠሉት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ዘግቶ የሚጠፋውን ነው። ከሥራ ሲባረሩ ካየኋቸው አዲስ ልጆች ብዙዎቹ የጠፉት ናቸው። አንዳንዱ በእውነት ታሞ ነበር። ፈርቶ ነው ስልኩን የዘጋው።

ሰዎች ይሸሹኝ ይሆን ብለሽም አትስጊ። ወባ በእጅ መጨበጥ፣ በትንፋሽ፣ በብርጭቆ አይተላለፍም፣ የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ተቅማጥ ወይም ታይፎይድ ኖሮሽ ወጥ ቤት የምትሠሪ ብትሆኚ የምመክርሽ ሌላ ነበር፤ ያን ጊዜ መግባትሽ እንግዳውንም ይጎዳ ነበርና።

ስለ ክኒኑ። የ14 ቀኑን ክኒን እንዳታቋርጪ። ብዙ ሰው ትኩሳቱ በ3 ቀን ሲለቀው ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘር አለው፣ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ይነሣል። የ14 ቀኑ ክኒን ለዚያ ነው። ካቋረጥሽው ገና ቋሚ በሆንሽ ሰሞን እንደገና ይጥልሽና ሱፐርቫይዘርሽ «አልኩ አይደል?» ትላለች። ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂው፣ በባዶ ሆድ ሆድ ይቆርጣል። እየዋጥሽው ሥራ መግባት ትችያለሽ፣ 14 ቀን ሙሉ መተኛት የለብሽም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከተጠራጠርሽ ግን ሳትውጪ ጤና ጣቢያው ይወቅ። ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ አቁመሽ ዛሬውኑ ተመለሺ። የዋጥሽውን ሁሉ ካስመለሰሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም መቆም ካቃተሽ ጓደኛሽ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ታድርስሽ። ከአሁኑ ንገሪያት።

ስትመለሺ የማታ ሽፍት ከደረሰሽ እጅጌ ያለው ልበሺ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የሐይቁ ዳር አትክልት መሐል ያ ክፍት ሪሴፕሽን ለእንግዳው ሲያምር ላንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ መነከሻ ነው። ቤት ደግሞ አጎበሩ ተሰቅሎ እንዳይቀር፣ ተዘርግቶ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ቢያሰናብቱሽስ? ሊሆን ይችላል፣ አይሆንም ብዬ አልዋሽሽም። ከሆነ ተጣልተሽ አትውጪ። የሠራሽበት ደመወዝ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። የሥራ ልምድ ወረቀትም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ምን ሥራ እንደሠራሽ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ የሚለውን። ሁለት ወር እንኳ ባይሞላ ተቀበያቸው፣ ለሚቀጥለው ሆቴል ይጠቅምሻል። የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ያልነበረ ከሆነ ግን ወረቀቶችሽን ሁሉ ሰብስበሽ እንደገና ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ የምነግርሽ ሌላ ነው።