መዘምራን ለአገልግሎት ጉዞ ሲወጡ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ኮንሰርትና የአገልግሎት ጉዞ የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ለምሳሌ የያዝኩት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አርባ ምንጭ የሚደርስ የአራት ቀን ጉዞ ነው። 24 ዘማሪ፣ አምስት ሙዚቀኛና አንድ የሳውንድ ሠራተኛ አለ እንበል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ኳየራችን በወጣ ቁጥር በሁለተኛው ቀን ሶፕራኖዎቹ (ከፍተኛውን ድምፅ የሚዘምሩት) ድምፅ ያልቅባቸዋል። ዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ እንይዛለን፤ ለውጥ ግን የለም።

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያሞቃል፤ የድምፅ አውታሮቹን ግን አያገኛቸውም። የተዋጠ ነገር የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው፤ እነሱ ያሉት በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። ድምፁ የሚያልቀው መኪና ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ያለችው ዓለም ገና እንኳ ሳይደረስ ከበሮ ይመታል፣ ሁሉም ይዘምራል። የሞተሩ ጩኸት ስላለ ሰው የራሱን ድምፅ ለመስማት ሲል ሳይታወቀው ይጮኻል። ሆሳዕና ድረስ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከዚያ እንዲህ የዘመረ ሰው መድረክ ላይ የሚቆመው ባበጠ አውታር ነው። ጸልያችሁ ስትነሡ ሁለት መዝሙር ዘምሩና ከበሮውን ወደ ከረጢቱ መልሱ።

ሌላው የአዳር ጸሎት ነው። ጸሎቱ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ከዝማሬው በፊት ባለው ሌሊት አይሁን፣ ስትመለሱ የምስጋና አዳር አድርጉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፁ ይሻክራል፤ ሌሊቱን ጮኾ የጸለየ ደግሞ ይብስበታል።

ድምፁ የሻከረበት ዘማሪ ዝም ይበል፤ ማንሾካሾክም አውታሮቹን ስለሚያደክም እረፍት አይባልም። ውኃ ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሽ ይጠጣ። ማታ የፈላ ውኃ በሳህን አድርጎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እንፋሎቱን ይሳብ፤ ከሳህኑ ግን ራቅ ይበል፣ ፊት ያቃጥላል። ሜንቶል ያለውን ከረሜላ አልወደውም፤ ጉሮሮውን ስለሚያደነዝዝ ልጁ ሕመሙ ሳይሰማው ይገፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ሲደክም ኪቦርዲስታችን ትራንስፖዝ በሚባለው የኪቦርዱ ቁልፍ ኪዩን (የመዝሙሩን የድምፅ ከፍታ) ያወርዳል። ግን መሐል ላይ ነገሩ ይበላሻል።

መልስ፦ ትራንስፖዝ የሚያወርደው ኪቦርዱን ብቻ ነው። −1 ሲያደርግ ጣቱ ሲ (C) ኖታ ላይ ሆኖ የሚወጣው ድምፅ ቢ (B) ነው። ቤዙና ሊድ ጊታሩ ጣቱን አይተው ሲ ይመታሉ፤ ብልሽቱ ይኸው ነው። ቤዝና ኪቦርድ በግማሽ ድምፅ ሲራራቁ ዘማሪው የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋበታል። ሁለተኛው ስሕተት መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ 0 አለመመለስ ነው፤ ቀጣዩ መዝሙር ገና ከመግቢያው ተሳስቶ ይጀመራል።

መፍትሔው ልምምድ ላይ ነው። የሚከብዷችሁን መዝሙሮች በሁለት ኪይ ተለማመዱና የመዝሙሮቹ ሊስት ላይ ጻፉት፦ «3ኛ፣ ኤፍ ወይም ኢ»። የትኛው እንደሚሆን መሪው ከመድረክ በፊት ለሁሉም ይንገር። ባለ አራት ክር ቤዝ ከኢ በታች እንደማይወርድ አትርሱ፤ ከኢ ወደ ኢ ፍላት ካወረዳችሁ ቤዙ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መጫወት አለበት። ከአንድ ድምፅ በላይ ማውረድም አልመክርም፤ ሶፕራኖውን ስታድኑ ዝቅ ብለው የሚዘምሩት አልቶውና ባሱ የሚዘምሩት ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ያለን አራት ማይክ ብቻ ነው። ለ24 ሰው እንዴት ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል። ለየክፍሉ (ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ) ስድስት ሰው በሁለት ረድፍ፣ ፊታቸው አንድ ማይክ በስታንድ ይቁም፤ ከፊተኛው ረድፍ አፍ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በአንዱ ማይክና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የዚያ ሦስት እጥፍ ይሁን፣ 1.20 እስከ 1.50 ሜትር። ከዚያ ከተቀራረቡ አንዱ ድምፅ በሁለት ማይክ፣ በአንዱ ትንሽ ዘግይቶ፣ ይገባና ቱቦ ውስጥ የተዘመረ ይመስላል። ድምፁ ጎልቶ የሚወጣውን ሰው ወደ ኋላ ረድፍ አድርጉት። ማይክ በእጅ መቀባበል ግን ይቅር፤ ከስድስቱ የያዘው ብቻ ይሰማል።

ማይኩ እንዳያፏጭ፦ ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ሕዝቡ ቀድመው ይቁሙ፤ ሞኒተሩ (ለዘማሪዎቹ የሚያሰማው ስፒከር) ወደ ማይኩ ጀርባ ይዙር። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈን ፉጨቱን ያባብሳል፤ ሶሎ የሚዘምሩት ይህን ደጋግመው ያደርጋሉ። ቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ያለው ባዶ አዳራሽ በጣም ያስተጋባል፤ ሕዝቡ ሲገባ ልብሱና አካሉ ድምፁን ይመጥጠዋል። ሳውንድ ቼክ (ከፕሮግራሙ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ላይ የተደረገው ልክ ስለዚህ የመጨረሻው አይደለም፤ በመጀመሪያው መዝሙር እንደገና ይስተካከል።

ጥያቄ፦ በሄድንበት ሁሉ መብራት ይዋዥቃል። አንድ አዳፕተር ተቃጥሎብናል።

መልስ፦ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን እዩ። አስተናጋጆቹ ለእናንተው እንጀራ እየጋገሩ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲነቀል ይዘላል። ለመድረኩ የተለየ መስመር ጠይቁ፤ ከሌለ መጋገሩ ከዝማሬው በፊት እንዲያልቅ በአክብሮት ተነጋገሩ። በቴስተር ለኩ፤ ከ200 በታች ወይም ከ240 በላይ ካሳየ ያለ እስታብላይዘር ምንም አትሰኩ።

ጄኔሬተር ከሆነ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ለሁለት አክቲቭ (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ) ስፒከር፣ ለሚክሰር፣ ለኪቦርድና ለጊታር አምፕ ከበቂ በላይ ነው። አስነሥታችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳትሰኩ ይሥራ። ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ ጭሱ ወደ አዳራሹ በማይነፍስበት በኩል ይቀመጥ፤ ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ስታበሩ ሚክሰሩ ይቅደም፣ ስፒከሩ ይከተል፤ ስታጠፉ ስፒከሩ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ከአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ጋር ምን እንስማማ?

መልስ፦ የሽማግሌዎች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስቀድሞ ይሂድ። የወንድሞችና የእህቶች ቁጥር ለየብቻ፣ የምትደርሱበት ሰዓት፣ ለዝማሬና ለስብከት የተመደበው ደቂቃ፣ የነዳጁን ወጪ ማን እንደሚችል፣ መባው ለማን እንደሚሆን ይጻፍበት። መባውን የእነሱ ገንዘብ ያዥና ከእናንተ አንድ ሰው አብረው ቆጥረው ይፈርሙ። ማደሪያው ምእመናን ቤት ከሆነ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እደሩ፤ ማን የት እንዳደረ ከነስልኩ በአንድ ወረቀት ይያዝ።

መድረኩንም ጠይቁ። ስምንት ሰው በአንድ ረድፍ ለመቆም 5 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ድራሙ ለብቻው 2 በ2 ሜትር ይወስዳል። ስለ መኪናውም አስቡ፤ 29 ሰው የሚጭን ኮስተር ለ30ው ሰው እንኳ አይበቃም፣ ለስፒከሩም ቦታ የለውም። ዕቃው በፖርቶ መጋላ ከሆነ በሸራ ይሸፈን፣ ኪቦርዱ ግን ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ ሆሳዕና ላይ ክትፎ ቀርቦልን እንዴት እምቢ እንበል?

መልስ፦ እምቢ አይባልም፣ «ከዝማሬ በኋላ» ይባላል። ይህንንም ከመድረሳችሁ በፊት መሪያችሁ በስልክ ለአስተናጋጆቹ ይንገር፤ ገበታ ከቀረበ በኋላ ከሆነ ያስቀይማል። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ዲያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ሲገፋ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ከመድረክ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ቀለል ያለ ነገር ብሉ። ጾመው የሚጸልዩ ካሉ መሪው ይወቃቸው፤ አርባ ምንጭ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ላይ በዩኒፎርም አንድ ሰዓት ቆሞ ራሱን የሚስት ይኖራል።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ ብንሄድስ? በጋ ነው።

መልስ፦ በደቡብ ሚያዝያ በልግ ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ዝናቡ በብዛት የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማይክ መጨመር አይረዳም፣ ፉጨት ይጨምራል እንጂ። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ መዝሙር በከበሮና በጭብጨባ ብቻ አዘጋጁና ሕዝቡ አብሮ ይዘምር። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ፕሮግራሙ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ጥር ከሁሉ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ጋብዞናል። ኪቦርዳችንን እንውሰድ?

መልስ፦ አዳፕተሩን አንብቡ። 100–240 ካለ በሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይሠራል፤ 220 ብቻ ካለ እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፣ ተውት። ከባድ ኪቦርድ ከመጫን ግን ስታይሎቻችሁን (ኪቦርዱ ላይ ያስቀመጣችሁትን የአጃቢ ምት ፋይሎች) በፍላሽ ይዛችሁ ያንኑ ሞዴል እዚያ ተዋሱ፤ ሞዴሉ ከተለየ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃውን ከሌላ ጉባኤ ተከራይተው በሰዓት የሚገለገሉ ስለሆኑ ሳውንድ ቼኩ 20 ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሊስቱንና የማይኩን ብዛት ቀድማችሁ ላኩ።

ጥያቄ፦ በወላይትኛ አንድ አዝማች መዘመር እንፈልጋለን። እንዴት እናጥናው?

መልስ፦ በፊደላችን ጽፋችሁ ብቻ አታጥኑ። ፊደሉ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ እኛው «ገና» ብለን በዓሉንም «እስካሁን»ንም እንጽፋለን፤ አማርኛ የማያውቅ ሰው አንብቦ አይለየውም። በወላይትኛም መጥበቁ ትርጉም ይለውጣል። ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው መጀመሪያ በንግግር፣ ቀጥሎ በዜማ በስልክ ይቅዳላችሁ፤ የሚጠብቁትን ፊደላት በቀይ አስምሩባቸው። ሶዶ ስትደርሱ ሳውንድ ቼክ ላይ ለአስተናጋጆቹ መዘምራን አንድ ጊዜ ዘምሩላቸው፣ ያርሟችኋል፤ ለማረም አንድ ሰዓት አላችሁ።