ጥያቄና መልስ፦ የጡብ ምድጃ፣ ግብርና የአራስ ቤት ከሰል

ከሽንብጥ የጻፉልን አባት ሚኒሶታ ያለው ልጃቸው ሳሎኑ ውስጥ የጡብ ማሞቂያ ምድጃ አስገንብቶ «መንግሥት ከግብሬ ይቀንስልኛል» ብሏቸዋል። እውነት ነው? እኔስ ባሕር ዳር ባሠራ? ይላሉ።

ልጅዎ አልዋሸም፤ ብቻ መቼ እንዳሠራው ይጠይቁት። የአሜሪካ ሕግ ከማገዶው ቢያንስ 75 በመቶውን ወደ ሙቀት ለሚቀይር የእንጨት ምድጃ ከወጪው 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ይቀንስ ነበር። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ግን ከዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 በኋላ ለተተከለ ምድጃ ቅናሹን አስቀርቷል። ቀድሞ ካለቀለት የአምራቹን ማረጋገጫ ይዞ ፎርም 5695 ይሙላ። ግብሩ ከቅናሹ ካነሰ ትርፉ አይመለስለትም። ሌላውን የግብር ባለሙያው ይንገረው።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ የደመወዝ ግብር እጅዎ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው፤ የምድጃ ደረሰኝ የሚቀርብበት መስኮት የለውም። ደግሞስ አንድ ሁለት ሰዓት ነዶ ሌሊቱን ሙሉ ቤት የሚያሞቅ ጡብ፣ ሚያዝያ ላይ መስኮት ከፍተን ለምናድር ሰዎች ምን ሊሆነን? እኛ እሳት የምንፈልገው ለእንጀራ ነው። ቤትዎ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ከሆነ ገንዘቡን «ምርጥ ምጣድ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ይግዙበት። ዙሪያውን ዝግ ስለሆነ ነበልባሉ በየጎኑ አያመልጥም፤ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ከኋላ ጭሱ በሚወጣበት ላይም ወጥ ይጣዳል። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን እንጨት ከወደቡ ተሸክሞ የሚያውቅ፣ ግማሽ ሸክም ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ስትጋግር አይቼ ስላደግሁ ነው ነገር ያስረዘምኩት፤ ይቅርታ።

ምርጥ ምጣድ በከሰል ይሠራል?
አይሠራም። ለከሰል ላቀች ምድጃ አለችልዎ።

እምቦጭን አድርቀን ብናነደውስ?
ከመቶ 90 እጁ በላይ ውኃ ነው። ሙሉ ጋሪ አድርቀው እፍኝ ጭራሮ ያህል ያገኛሉ፤ ይሞክሩት፣ ጀርባዎ ይመሰክራል። ከእበት ጋር ለባዮጋዝ ግን ይሆናል።

አንዲት እናት አራስ ልጃቸውን ብርድ እንዳይመታት ማታ ፍም አስገብተው በሩን ዘግተው ያድራሉ። ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፤ ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለ።

ቡዳ አይደለም፣ ከሰሉ ነው! ፍሙ ባይጨስም የሚያወጣው መርዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። አሁኑኑ አውጡት፣ በሩን ክፈቱ። አራሷንም ሕፃኑንም ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱ፣ «ተሽሎኛል» ብትልም። ሐኪሙን «ከሰል አጠገብ ነው ያደሩት» ይበሉት፤ እንዳይደብቁት። ለብርዱ ጋቢ ይደርቡላት።