በእጅ የሚገፋ የሣር ማጨጃ ይቆርጣል ወይስ ያደክማል?

እህታችን የጠየቀችው በአጭሩ ይሄን ነው። ከቤቷ ጀርባ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር አላት። የሞተሩ ማጨጃ ጩኸትና ጭስ ሰልችቷታል። ነዳጅም ገመድም የማይፈልገውን፣ በእጅ የሚገፋውን ልትገዛ አስባለች። ግን ዘመዷ ዘንድ ያለውን ብትሞክረው ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ እያስተኛው አለፈ። ክንዷንም አሳመማት። «እውነት ይሠራል ወይስ ለጌጥ ነው?» ትላለች።

ይሠራል፣ እህቴ። እኔ ለዓመታት የማጭደው በሱ ነው። አንቺ ያልሽውን ለሚያህል ሣር ሞተር ቢሰጡኝ እንኳ አልቀይረውም። ግን ማሽኑ ጸባይ አለው። ሣሩ እስኪያስቀይም ጠብቆ በአንድ ቀን ልክ ማስገባት ለለመደ ሰው አይሆንም። ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ለሚያጭድ ግን እንደሱ የሚመች የለም። በዚህ ማሽን ላይ የምሰማው ቅሬታ አብዛኛው ከሁለት ነገር አያልፍም። ወይ ሣሩ ረዝሟል፣ ወይ ስለቶቹ ተራርቀዋል። ያንቺም ከነዚህ አንዱ ይመስለኛል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ካወቅሽው ሌላው ይቀልሻል። የተለመደው የሞተር ማጨጃ ሆዱ ሥር ጠፍጣፋ ቢላ አለው። ቢላው በኃይል እየተሽከረከረ ሣሩን መትቶ ይበጥሰዋል። የሚገፋው ግን የሚቆርጠው እንደ መቀስ ነው። ስትገፊው ጎማዎቹ መሀላቸው ያለውን ሲሊንደር ያዞሩታል። ሲሊንደሩ ላይ ጠመም ጠመም ያሉ ስለቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ 5፣ አንዳንዱ ላይ 7። ከሥር ደግሞ የማይንቀሳቀስ፣ ቀጥ ያለ አንድ ስለት ተገጥሟል። የሚዞረው ስለት ሣሩን ሰብስቦ ወደ ቋሚው ያመጣዋል። ሁለቱ ሲተላለፉ ሣሩ ይቆረጣል። በደነዘ የሞተር ቢላ የታጨደ ሣር በማግስቱ ጫፍ ጫፉ ተቦጫጭቆ ሲነጣ አይተሽ ይሆናል። በዚህኛው፣ ስለቱ እስከተስተካከለ ድረስ፣ ያ አይደርስም። የጎልፍ ሜዳ ላይ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው አጭር ሣር ዛሬም የሚታጨደው በሲሊንደር ነው። ልዩነቱ ሞተር ተጨምሮበታል።

ፈጠራው የቆየ ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። መነሻው የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ፀጉር አስተካክሎ የሚላጭ ማሽን ነበር። ይሄን ካስታወስሽ ረዥም ሣር ላይ ለምን እንደሚቸገር አይገርምሽም። ከጅምሩም የታሰበው ለመላጨት ነው።

አሁን ወደ ሣሩ ቁመት። ከፊት በኩል ያሉት ስለቶች ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው የሚዞሩት፤ ሣሩን የሚስቡት በዚህ ነው። ከላይ ያሉት ግን ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሣሩ ከሲሊንደሩ መሀል በላይ ከደረሰ ስለቱ ሊስበው ሲገባ ገፍቶ ያስተኛዋል። ማሽኑ ያልፋል፤ ሣሩ ከኋላ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። አንቺ ያየሽው ይሄን ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጉልበት መጨመር ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ በማጭድ፣ በአትክልት መቀስ ወይም ለአንድ ቀን በተዋስሽው ሞተር አሳጥሪው።

ከዚያ በኋላ ማሳደር የለም። በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቁረጪ። 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ልትይዢው ከፈለግሽ 6 ሲደርስ ማጨድ አለብሽ ማለት ነው። ዝናብና ሙቀት በተገናኙበት ወቅት ይሄ በየአራት አምስት ቀኑ ሊመጣ ይችላል። ሲደርቅ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ትረሺዋለሽ። ቶሎ ቶሎ መባሉ አያስፈራሽ። አርፍዶ የሚያጭድ ሰው ነው የሚለፋው። በሰዓቱ የተያዘ ሣር ላይ ማሽኑ ራሱ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሂሳቡንም እዪው። 60 ካሬ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋት 150 ሜትር መንገድ ነው። መደራረቡን ጨምረሽ፣ አቋርጠሽ ሁለተኛ ጊዜ ብትመለሺበት እንኳ 400 ሜትር ገደማ ብትሄጂ ነው። ሞተር ለማስነሳት ገመድ ከመጎተት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የስለቶቹ ክፍተት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ማሽኑን ገዝቶ፣ ሲከዳው «ደነዘ» ብሎ ጥግ ላይ የሚጥለው በዚህ የተነሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልደነዘም። የሚዞረውና ቋሚው ስለት ተራርቀዋል እንጂ። በሁለቱ መሀል ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ ሣሩ በመቆረጥ ፈንታ ታጥፎ ሾልኮ ይወጣል።

መመርመሪያው ወረቀት ነው። የጋዜጣ ቅዳጅ ወይም ስስ ወረቀት ያዢ። ማሽኑን ጎማው እንዳይንቀሳቀስ አድርገሽ አስቀምጪ። ወረቀቱን ቋሚው ስለት ላይ አስጠጊና ሲሊንደሩን ቀስ ብለሽ አዙሪ። ወረቀቱ ጥርት ብሎ መቆረጥ አለበት። አንድ ቦታ ሞክረሽ አትተዪ። ግራውን፣ መሀሉን፣ ቀኙን፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ስለት ሞክሪ። ግራው ቆርጦ ቀኙ ቢያጥፍ የላላው የቀኙ በኩል ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ቋሚውን ስለት የሚያስጠጉና የሚያርቁ ብሎኖች በግራና በቀኝ አሉ። በጣም በትንሹ አዙሪ። ሩብ ዙር እንኳ ይበዛል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እያልሽ፣ በየመሀሉ በወረቀት እየሞከርሽ ሂጂ። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቀሽ ልጨርስ ካልሽ ሌላው ይዛባል።

ከመጠን በላይ ማጥበቅም አለ። ብረት ከብረት ሲፋተግ ይጮኻል፣ መግፋቱ ይከብዳል፣ ስለቱም ቶሎ ይበላል። ዘመድሽ ቤት ያለው ያን ያህል ከከበደሽ ምናልባት አንድ ሰው «ይቁረጥ» ብሎ ጨርሶ አጥብቆት ይሆናል። በትክክል የተስተካከለ ማሽን ስታዞሪው ሽው የሚል ስስ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለቶቹ ፈጽሞ ሳይነካኩ እንዲቆርጡ ተደርገው የተሠሩም አሉ። እነሱ ለመግፋት ይቀላሉ። አብሮ የሚመጣውን መመሪያ እዪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲሊንደሩን በእጅሽ ስታዞሪ ወፍራም ጓንት አድርጊ። ጣትሽ ከስለቱ ጠርዝ ይራቅ። ሞተር የለውም ብለሽ እንዳትንቂው። ቅርንጫፍ ተቀርቅሮበት ከቆመ ደግሞ በጣትሽ ሳይሆን በእንጨት አስወጪው። የተያዘው ነገር ሲለቅ ሲሊንደሩ ድንገት ይዞራል። ሕፃናት አጠገቡ አይጫወቱ። ጎማው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ስለቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ስለ ክንድሽ ሕመም። ብዙ ሰው እጁን ዘርግቶ በትከሻው ይገፋል። እጀታውን ወደ ወገብሽ አስጠጊ፣ ክርንሽን አጠፍ አድርጊ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ተራመጂ። የሚገፋው እግርሽ ይሁን። እጀታውን ወደ ታች አትጫኚ፤ ፊቱ ይነሳና ሣሩን ይዘላል። ማሽኑ የሚቆርጠው በፍጥነት ነው። ቀስ ብለሽ ከሄድሽ ሲሊንደሩም ቀስ ይላል፣ ሣሩንም ይስታል። ስለዚህ ሞቅ ያለ፣ እኩል የሆነ እርምጃ ያዢ። እየገፉ እየቆሙ መሄድ ነው የሚያደክመው። ማሽኑ ከተያዘብሽ አትታገዪው። ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢውና እንደገና ተነሺ። ወደ ኋላ ስትስቢው ቀጭ ቀጭ ካለ አትደንግጪ። ሲሊንደሩ ወደ ኋላ እንዳይዞር ጎማው ውስጥ ያለው መያዣ ነው የሚጮኸው።

ጤዛ ያለበትን ሣር ተዪው። ጎማዎቹ ሲሊንደሩን የሚያዞሩት መሬቱን ቆንጥጠው ነው። ሣሩ ሲረጥብ ይንሸራተታሉ፣ ሲሊንደሩም ይቆማል። የተቆረጠውም ስለቱ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ማጨድ የምትወጂ ከሆነ ፀሐይ ትንሽ እስክትመታው ታገሺ። ድምፅ ስለሌለው ማንንም አትቀሰቅሺም። እኔ ከዚህ ማሽን ከምወደው አንዱ ይሄ ነው።

ስታጭጂ እያንዳንዱን መስመር ካለፈው ጋር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ደርቢው። ያለዚያ ቀጫጭን መስመር ይተዋል። ከጨረስሽ በኋላ አቋርጠሽ አንዴ ብትመለሺ በመጀመሪያው ዙር የተኛው ይነሳል። ይሄ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይታያል።

የሚተወው ነገርም አለ። ዘር ይዞ ዘለግ ያለ ቀጭን አገዳ ይጎነበስለትና ቀና ይላል። አረሙም እንደዚያው። እነሱን በመቀስ ከመልቀም ውጪ መላ የለውም። ግድግዳና ጠርዝ አጠገብ ደግሞ ጎማው ከስለቱ ውጪ ስለሆነ አንድ ጣት ያህል ሣር ይቀራል። ሣሩን ከግድግዳው በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በጡብ መስመር ከለየሽው አንዱ ጎማ እሱ ላይ ይሄዳል፣ የሚቀርም አይኖርም።

የሣሩ ዓይነትም ይወስናል። ቅጠሉ ቀጭንና ቀጥ ብሎ የሚያድግ ከሆነ ደስ ይላል። ሰርዶ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ግን አጭር ሆኖ መያዝ ይወዳል። በ2 እና በ4 ሳንቲ ሜትር መሀል ብትይዢውና ስለቱ የተስተካከለ ቢሆን በዚህ ማሽን ያምራል። ኪኩዩ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስለፋሻል። እየተደራረበ ስፖንጅ ይሆናል፤ ጎማው ይሰምጣል። በጣም ቶሎ ቶሎ ካልያዝሽው ሞተር ይሻልሻል። ቅጠለ ሰፊ የሆኑትና 7፣ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆረጥ የሚፈልጉት ሣሮች ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው። ብዙዎቹ የሚገፉ ማሽኖች ያን ያህል ከፍ አይሉም። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ከፍተኛው የመቁረጫ ቁመት ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ሰው ስለ ስፋቱ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስፋትን ካነሳን፣ ላንቺ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰፊው መስመር ይቀንሳል፣ ግን ይከብዳል። ጎርበጥ ባለ መሬት ላይም አንዱን ጎን ይላጫል፣ ሌላውን ይተዋል። 5 ስለት ያለው ለቤት ሣር ምቹ ነው። 7 ስለት ያለው በጣም አጭር ለሚያጭድ ሰው ጥሩ ነው፣ መግፋቱ ግን ይጠነክራል። ያገለገለ ካገኘሽ ሲሊንደሩን ይዘሽ ወዲያና ወዲህ ነቅንቂው። የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ክፍተቱም አይረጋልሽም። ቋሚው ስለት ላይ ድንጋይ የሸረፈው ቦታ ካለም ተዪው። ዝገት ግን አያስፈራሽ። ላይ ላዩን ከሆነ ይለቃል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ከማጨድሽ በፊት ጠጠርና ጭራሮ ልቀሚ። አንዲት ጠጠር ስለቱን ትሸርፈዋለች። ስትጨርሺ የተለጠፈውን ሣር ጥረጊ፣ ስለቱን ዘይት በነካ ጨርቅ አብሺ። አልፎ አልፎ ጎማውን ፈትተሽ ጥርሶቹን አጽጂና ግሪስ ቀቢ። ጎማው እየዞረ ሲሊንደሩ ካልዞረ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። መያዣው በቆሻሻ ተይዟል ወይም ተገልብጦ ተገጥሟል።

ተስተካክሎም ወረቀት ካልቆረጠ ያኔ በእርግጥ ደንዟል። ሞረድ ይዘሽ እያንዳንዱን ስለት አትሞርጂ፤ ሁሉም እኩል ካልሆነ ማሽኑ ይበላሻል። መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚያላምዱበት፣ ደቃቅ መፋቂያ ያለበት ቅባት አለ። እሱን ስለቶቹ ላይ በብሩሽ ቀቢ። አንዱን ጎማ ፈትተሽ የሲሊንደሩን ዘንግ ወደ ኋላ አዙሪ። ስለቶቹ እርስ በርስ ይሳላሉ። ከዚያ ቅባቱን ፈጽሞ እስኪለቅ እጠቢና ክፍተቱን እንደ አዲስ አስተካክዪ። ለትንሽ ሣር ይሄ በዓመት አንዴ ቢደረግ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል።

የተቆረጠውን ሣር አትሰብስቢ። አጭር ስለሆነ መሀል ገብቶ ይበሰብሳል፣ ናይትሮጂኑም ተመልሶ ለሣሩ ይሆናል። ሣሩ ከሚፈልገው ማዳበሪያ እስከ ሩብ የሚሆነውን ሊሸፍን ይችላል። ረዝሞ የታጨደና ክምር ክምር ብሎ የቀረ ከሆነ ግን በሬክ አንሺው፤ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ያደርገዋል።

ሣርሽ ላይ ቅርንጫፍና ፍሬ የሚያራግፍ ዛፍ ካለ፣ መሬቱ ገደልና ጉብታ ከሆነ፣ ወይም ለሳምንታት ከቤት የምትጠፊ ከሆነ አልመክርሽም። እነዚህ ከሌሉ ግዢው። የሣርሽን ዓይነት ካላወቅሽው ቅጠሉንና ሥሩን በቅርብ አንስተሽ ፎቶ አሳዪን። ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደምትይዢው እነግርሻለሁ።