ቤልሞንቴ ለአራት ቀን ትበቃለች ወይ ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ በግንቦት መጨረሻ ከእናትሽና ከዘጠኝ ዓመት ልጅሽ ጋር ፖርቱጋል ውስጥ ቤልሞንቴ ለአራት ቀን ልታርፉ እንደሆነ በቡድናችን ላይ ጽፈሻል። አንቺ ታሪክ ትወጃለሽ፣ ልጁ መሮጥ ይፈልጋል፣ እናትሽ ብዙ መራመድ አይችሉም፤ ከተማዋ ግን በጣም ትንሽ ናት ስላሉሽ ሠግተሻል። አትሥጊ፤ አራት ቀን ይበቃችኋል ከማለት ይልቅ ያንሳችኋል ብል ይቀለኛል። ሊዝበን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ዘመድ በመጣ ቁጥር የምወስደው ወደዚያ ስለሆነ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አብዛኛው መንገደኛ ወደ ሴራ ዳ ኢሽትሬላ ተራራ ሲወጣ ቤልሞንቴ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆማል፣ የግንቡን ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። ግንቡ በእርግጥ ያምራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግራናይት የተሠራ ሲሆን ኋላ የካብራል ቤተሰብ መኖሪያ ሆኗል፤ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያለውን በንጉሥ ማኑኤል ዘመን ስልት የተጠረበ መስኮት ሳታዪ እንዳትወጪ። በ1500 ብራዚል የደረሰው ፔድሮ አልቫሬስ ካብራል የተወለደው እዚህ ነው። መቃብሩ ግን ሳንታሬም ነው፤ ቤልሞንቴ ያለው የቤተሰቡ መካነ መቃብር ነው። ከመካነ መቃብሩ ጋር የተያያዘችው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እመቤታችን የልጇን አስከሬን ታቅፋ የሚያሳይ ከግራናይት የተጠረበ ምስል አለ። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ፊቷም በቀላል እጅ የተሠራ ነው፤ እኔን ግን በሊዝበን ካየኋቸው በወርቅ ከተለበጡ ምስሎች ሁሉ የበለጠ ያቆመኛል። እናትሽም ይወዱታል ብዬ አምናለሁ።

የቤልሞንቴ ልብ ያለው ግን ከግንቡ በታች ባለው የአይሁድ ሠፈር ነው። እባክሽ ግማሽ ቀን ስጪው። በ1496 መጨረሻ ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ አይሁዳውያን አገሩን ለቀው እንዲወጡ አወጀ፤ በተከታዩ ዓመት ግን አብዛኞቹ እንዳይወጡ ተደርገው በግድ ተጠመቁ። በ1536 የእምነት ምርመራ ችሎት ሲቋቋም የአይሁድን ሥርዓት በድብቅ መፈጸም በእሳት እስከ መቃጠል የሚያደርስ ወንጀል ሆነ። የቤልሞንቴ ሰዎች በአደባባይ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ በቤታቸው እምነታቸውን ለአራት መቶ ዓመት ያህል ያዙ። ረቢ አልነበራቸውም፣ የዕብራይስጥ መጽሐፍም አልነበራቸውም፤ ጸሎቱን ከአፍ ወደ አፍ ያስተላለፉት ሴቶች ናቸው። የዓርብ ማታውን የሰንበት መብራት ከውጭ እንዳይታይ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያበሩት ነበር።

በ1917 ሳሙኤል ሽዋርዝ የሚባል በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ የማዕድን መሐንዲስ በሥራ ምክንያት ወደዚህ መጣ። እኔም ከእናንተ ወገን ነኝ ቢላቸው ሴቶቹ አላመኑትም። «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚለውን ጸሎት በዕብራይስጥ ሲያሰማቸው «አዶናይ» የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ በኋላ ተቀበሉት። ስለ እነርሱ የጻፈው መጽሐፍ በ1925 ታተመ። ከእስራኤል ሆናችሁ ለምታነቡ የቡድናችን አባላት አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽዋርዝ የተወለደባት ዝጌርዝ ከሎድዝ ከተማ አጠገብ ናት፣ በ1904 ኢትዮጵያ ሄዶ የቤተ እስራኤልን ጉዳይ ለአውሮፓ አይሁዳውያን በሰፊው ያሰማው ዣክ ፋይትሎቪችም የሎድዝ ልጅ ነው። ዕድሜያቸውም የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ነው። ተራርቀው የኖሩ ሁለት የተረሱ ማኅበረሰቦችን ያገኙት የአንድ አካባቢ ልጆች መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የቤልሞንቴ ማኅበረሰብ በ1989 በሕግ ታወቀ፣ ቤት ኤልያሁ የተባለው ምኩራብ በ1996 ተከፈተ፣ የአይሁድ ሙዚየሙ ደግሞ በ2005። ቅዳሜ ምኩራቡ የጸሎት ቤት እንጂ የጎብኚ ቦታ አይደለም፤ ሙዚየሞቹም አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቀን ከሁለቱ ውጪ አድርጊው። ልጁ ሙዚየም ከሰለቸው በጠባቦቹ መንገዶች ላይ በየበሩ መቃን ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ መስቀሎች ይፈልግ። አንዳንዶቹ ከመዳፍ ያነሱ ናቸው፣ በዝናብና በዕድሜ ብዛት ስለደበዘዙ ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው ነው በደንብ የሚታዩት። አዲስ ክርስቲያን የተባሉት ቤተሰቦች ጥርጣሬን ለማራቅ የቀረጿቸው ናቸው ይባላል።

ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ሴንቱም ሴላስ የሚባል ጣሪያ የሌለው የሮማውያን ሕንፃ ሜዳ ላይ ቆሟል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን ሉክዮስ ካኪልዮስ የሚባል የቆርቆሮ ማዕድን ነጋዴ ርስት እንደነበረ ይታመናል። መኪናው አጠገቡ ስለሚቆም እናትሽ አይደክሙም። ወደ ማታ ሂዱ።

አሁን ወደ ተራራው። የሴራ ዳ ኢሽትሬላ ጫፍ ቶሬ ይባላል፣ ከፍታው 1993 ሜትር ነው፣ በዋናው የፖርቱጋል ምድር ከዚህ የሚበልጥ የለም። አስፋልቱ እስከ ጫፉ ስለሚደርስ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጫፉ ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያና የበግ ቆዳ መሸጫ ነው፤ ስሜንን ወይም ባሌን ላየ ሰው ከፍታው ብቻውን ብርቅ አይሆንበትም። ብርቁ ነገር ከታች ያለው የዜዜር ሸለቆ ነው። ጥንት የበረዶ ግግር ፈልፍሎት ያለፈ፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ታቹ እንደ ገበታ የሰፋ ሸለቆ ነው። ከማንቴይጋሽ ከተማ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ጎን ለጎን ይዞት ስለሚሄድ እናትሽ ከመኪናው ሳይወርዱ ያዩታል።

ኮቫዉን ዳሜታድ የሚባለው ቦታ ላይ ግን ሁላችሁም ውረዱ። ግንዳቸው ነጭ የሆነ የበርች ዛፎች፣ በመካከላቸው ገና ጅረት የሆነው የዜዜር ወንዝ፣ ከላይ ደግሞ ካንታሮ ማግሮ የሚባለው ቀጥ ያለ ዐለት አለ። እናትሽ በጥላው ይቀመጡ፣ አንቺና ልጁ ወንዙን ተከትላችሁ የቻላችሁትን ያህል ወደ ታች ሄዳችሁ ተመለሱ። እስከ ማንቴይጋሽ ድረስ መሄድ ለልጅ ይከብዳል። ለእሱ የሚስማማው ፖሱ ዱ ኢንፌርኑ የሚባለው ፏፏቴ ነው፤ መኪና እስከ አጠገቡ ይደርሳል፣ ከዚያ አጭር ዙር መንገድ አለ። በግንቦት ውኃው ገና አልቀነሰም፣ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። ላዩ ላይ ከታች ካለው ሙቀት ጋር የማይገናኝ ብርድ ስላለ ሹራብና ዝናብ መከላከያ ያዙ። በ2022 ነሐሴ ትልቅ እሳት ይህን ተራራ ክፉኛ በልቶታል፤ በየቦታው የጠቆረ ግንድ ታያላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣ ሰው የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲኖር መንገዶች ሊዘጉ ስለሚችሉ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስትመለሱ ኮቪልያን እንዳታልፏት። የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ በ1764 የተቋቋመው የንጉሡ ጨርቅ ፋብሪካ አሁን ሙዚየም ነው፤ እኔ ግን ሐበሻ የሆነ ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ሄዶ የፔሮ ዳ ኮቪልያን ሐውልት እንዲያይ እፈልጋለሁ። በ1487 ንጉሥ ዦዋዉን ዳግማዊ፣ አውሮፓውያን በሩቅ አገር አለ የሚሉትን ክርስቲያን ቄስ ንጉሥ፣ የፕሬስተር ጆንን፣ አገር ፈልግ ብሎ የላከው ሰው ነው። ሕንድ ደርሶ ካይሮ ሲመለስ ሁለት ፖርቱጋላውያን አይሁዳውያን፣ የቤጃው ረቢ አብርሃምና የላሜጎው ጫማ ሰፊ ዮሴፍ፣ የንጉሡን ደብዳቤ አምጥተው ሰጡት። የእነዚያ ሰዎች ወገኖች ናቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግድ የተጠመቁት። ፔሮ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። በክብር ተቀበሉት፣ እስክንድር ግን ሳያሰናብተው ሞተ፣ አፄ ናዖድም እንዲመለስ አልፈቀደም። ርስት ተሰጠው፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲደርሱ እዚያው አገኙት፤ ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ታሪኩን ከራሱ አፍ ሰምቶ ጻፈው። ለልጅሽ ይህን ሐውልቱ ሥር ቆመሽ ንገሪው።

ጊዜ ከተረፈ በስተምሥራቅ ሶርቴልያ አለች። በቅጥር የታጠረች የግራናይት መንደር ናት፤ ልጁ ቅጥሩ ላይ ይሮጣል፣ መከለያ የሌለው ቦታ ስላለ ግን እጁን ያዢው።

ስለ ምግብ፣ ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ እናትሽ አይጾሙም፤ የሴራ ዳ ኢሽትሬላን አይብ ይቅመሱ። ከበግ ወተት ይሠራል፣ የሚረጋውም በእሾሃማ ተክል አበባ ነው። ሲበስል ውስጡ ስለሚለሰልስ ላዩን ቆርጠው በማንኪያ ያወጡታል። የፉንዳዉን ቼሪም በዚያው ሰሞን መድረስ ይጀምራል፣ መንገድ ዳር ካገኛችሁ ግዙ።

ባቡር ከሊዝበን አለ፣ ጣቢያው ግን ከከተማዋ ራቅ ብሎ ታች ነው፣ ወደ ተራራውም አውቶቡስ እንደልብ አይገኝም። ከእናትሽ ጋር ስለሆንሽ ከሊዝበን መኪና ተከራዪ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ የኤ23 አውራ ጎዳና ክፍያም በ2025 መጀመሪያ ተነሥቷል። ማረፊያ ስትይዢ ከግንቡ አጠገብ ያሉት መንገዶች ዳገትና ኮብልስቶን መሆናቸውን አስቢ፤ መኪና በሩ ድረስ የሚደርስበትንና ምድር ቤት ክፍል ያለውን ጠይቂ።