ቤት ውስጥ ጀልባ ልስራ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። «ተራ የግንባታ ፕላይውድ ለጀልባ ይሆናል ወይ? ኤፖክሲው (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደርቀው ሙጫ) ውድ ነው፣ ባሳንሰውስ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚህ ሚኒሶታ ጋራዤ ውስጥ አንዲት 12 ጫማ የመቅዘፊያ ጀልባ ሰርቻለሁ። በአንድ ሰመር እጨርሳለሁ ብዬ ሁለት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ እንጨቱ። አገር ቤት ኮምፔርሳቶ የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። ለውጭ ግድግዳ የሚሸጠው ዓይነት ሙጫው ውሃ ይችላል፣ ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። መሀል ያሉት ስስ ንጣፎች ክፍተት አላቸው፤ ስታጎብጠው እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። የእኔ አንዱ ጎን እንደዚያ ሄደ። ከቻልክ ቢኤስ 1088 (የእንግሊዝ የጀልባ ፕላይውድ ደረጃ ነው) የሚል ማህተም ያለበትን ማሪን ፕላይውድ ግዛ፣ 6 ሚሊ ይበቃሃል። ካልቻልክ ቁራጩን ለአንድ ሰዓት ቀቅለህ እየው፤ ንጣፉ ከተላቀቀ ተወው። (የቤቱን ድስት ግን አትንካ። እኔ ነክቼ የሰማሁትን ሰምቻለሁ።)

አናጢ አይደለሁም ያልከው አያስጨንቅህ። ጠርዝ ለጠርዝ ትበሳለህ፣ በመዳብ ሽቦ ትሰፋለህ፣ በፒንሳ ታጠብቃለህ፣ መገጣጠሚያውን በኤፖክሲና በፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሰራ) ሪባን ታያይዛለህ፣ በቃ። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የወጣችው ሚረር የምትባል ትንሽ የሸራ ጀልባ በዚሁ በመስፋት ዘዴ ነው የተሰራችው። ከ70 ሺህ በላይ ተሰርታለች፣ ብዙዎቹን የሰሩት ደግሞ እንደ አንተ ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ እቤታቸው።

አሁን ወደ ኤፖክሲው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ኤፕሪል ነው፣ ጋራዡ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ሃርድነሩን (ማድረቂያውን ፈሳሽ) ጨመር አደረግኩ። የፖሊስተር ሬዚን የሚባለው ሌላው የፋይበር ግላስ ሙጫ እንደዚያ ይሰራል፣ ጠብታውን ስትጨምር ይፈጥናል። ኤፖክሲ ግን አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች በልካቸው ካልተጣመሩ የተረፈው ሳይደርቅ ይቀራል። ሳምንት ጠበቅኩ፣ እንደ ማር ይለጥፋል። ሁለተኛ ሳምንት፣ ያው። በመጨረሻ በፍቄ አነሳሁት፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ። ስለዚህ ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1፣ 5 ለ 1 ካለ 5 ለ 1 ነው። በዓይን አትገምት። ብርድ ከሆነ ክፍሉን አሙቅ ወይም ፈጣኑን ሃርድነር ግዛ። ብዙ በጥብጠህ ደግሞ ኩባያ ውስጥ አታቆየው፣ ራሱን በራሱ ያግላል። የእኔ ኩባያ ጭሶ ቀለጠ። ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሰው።

ከሁሉም ደስ የሚለው እንጨቱን የፋይበር ግላስ ጨርቅ ማልበስ ነው። ነጭ ሆኖ ይዘረጋል፣ ኤፖክሲው ሲነካው ዓይንህ እያየ ይጠፋል፣ የእንጨቱ መልክ ብቻ ይቀራል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካየህ አልጠገበም ማለት ነው፣ ጨምርለት። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከመሞረድህ በፊት በውሃ እጠበው። ይህን ዘልዬ ቀለሙ ተልጦብኛል።

ውሃ የሚገባው ግን ከሰፊው ገጽ አይደለም፣ ከጠርዝና ከብሎን ቀዳዳ ነው። የጣና ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ታየዋለህ፣ አቁመህ ታደርቀዋለህ። ፕላይውድ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ነው የሚነግርህ። ጠርዙን ሁለት ሦስቴ ኤፖክሲ አጠጣው። በመጨረሻ ቀለም ወይም ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ቀባው፤ ኤፖክሲ ብቻውን ፀሐይ አይችልም።

ማሳነስ ካለብህ ውስጡን ጨርቅ አታልብሰው፣ መገጣጠሚያው ላይ ሪባኑ ይበቃል። ከውጭ ሆዷን ግን አልብስ። ጓንት ላይ አትቆጥብ፣ በካርቶን ግዛ። ኤፖክሲ ቆዳህን አንዴ ካስቆጣው በኋላ በነካኸው ቁጥር ይነሳብሃል። አንድ የማውቀው ሰው እንደዚያ ሆኖ ጀልባውን ግማሽ ላይ ሸጧታል።